ይህ ግጥም ለቶይባ ነው

ለንስሐ አባቴ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። ሐሜቴን ነግሬአቸዋለሁ፤ ጾም መሻሬን ነግሬአቸዋለሁ፤ ከባሌ ጋር ተኳርፌ ስንት ሰንበት ሳላናግረው እንደኖርኩ ሳይቀር ነግሬአቸዋለሁ። ይህን ግን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ልናገር ብዬ ፊታቸው ተንበርክኬ፣ ሌላ ትንሽ ኃጢአት አንስቼ በላዩ አልብሼበት የተመለስኩበት ቀን አለ። አሁን ለማላውቃችሁ ለእናንተ እጽፈዋለሁ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ቃል ብስት አርሙልኝ። ሥራዬን ግን አታቃኑልኝ።

የምኖረው መርሳ ነው። የሰው ልብስ አጥባለሁ። ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ዘይነብ ትባላለች፤ አውቶቡስ ከሚቆምበት መንገድ ዳር ማንጎና ፓፓያ ትሸጣለች። ልጇ ቶይባና ልጄ ሃና በአንድ ምንጣፍ ላይ ነው ያደጉት። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ሃና እነሱ ቤት ናት። በፋሲካ ቶይባ እኛ ቤት ናት፤ ሥጋ ስለማንጋራ ለእሷ ለብቻዋ እንቁላል እጠብስላታለሁ።

አንድ ጊዜ ዘይነብ ክፉኛ ታማ ወልድያ ሆስፒታል ተኛች። ዘመዶቿ መጥተው ይሄዳሉ፤ እሷ የያዘችው የእኔን እጅ ነበር። የማትተርፍ ሲመስላት ሰው እስኪወጣ ጠብቃ ነገረችኝ።

«እታለም፣ ቶይባ ከሆዴ አልወጣችም። እዚያው መርሳ መንገድ ዳር አንዲት መንገደኛ ‹እስቲ አንዴ ያዥልኝ› ብላ አሳቅፋኝ አውቶቡስ ገብታ ቀረች። ከሞትኩ አንቺ ንገሪያት። በቀስታ ንገሪያት። አደራ።»

ያኔ ባሏ አፋር በኩል ጥጥ እርሻ ላይ ይሠራ ስለነበር ሕፃኗን ይዛ ወደ እሱ ሄዳለች፤ ባሏ ሞቶባት ስትመለስ ልጅቷ በእግሯ ትሄድ ነበርና ሁሉም እዚያ የወለደቻት መሰለው። ለዘመዶቿ አልነገረችም፤ እሷ ዓይኗን ስትከድን ልጅቷን ከቤት እንዳያወጧት ፈርታ ነው። ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። ዘይነብ ዳነች። ምስጢሩም እኔ ዘንድ ቀረ።

ከዚያ ልጆቹ መጡ። ሃናና ቶይባ የሚወዱትን የሙዚቃ ባንድ «ልጆቹ» ነው የሚሉት። ስማቸውን አልጽፍም፤ እነሱ ያጠፉት የለም። አራት ናቸው። አሳታሚ የላቸውም፣ ቴሌቪዥን ላይ አይወጡም፤ ተከራይተው በሚኖሩበት ክፍል ቀድተው በስልክ ይለቁታል። ጊታሩ ይጮኻል፣ ድራሙ ይደበድባል። ሃና ሮክ ነው ትለኛለች። ከጩኸቱ ሥር ግን አምባሰል አለ። «አጥፊው ይህን ነገር» እያልኩ፣ ልብስ የሚያሸው እጄ ከዜማው ጋር ይሄድ ነበር።

አንድ ዘፈን አላቸው፤ መሃሉን ክፍት ይተዉታል። መድረክ ላይ ሲጫወቱት ዘፋኙ ወደ ሕዝቡ ይወርድና እንደ አዝማሪ ግጥም ይቀበላል። ለማን እንደሆነ ይጠይቃል፣ ስሙን ይጠራል፣ የተሰጠውንም ሳይመርጥ ይዘፍነዋል። የቶይባ ምኞት ይኸው ብቻ ነበር። አንድ ቀን ስሟን እንዲጠራት። ማንጎ እየደረደረች፣ «ለቶይባ ነው ሲል ሞቼ እገኛለሁ» ትል ነበር። ዘይነብም «አላህ አይበለው፣ ምን የሚሉት ምኞት ነው» እያለች ትስቅባታለች።

ልጆቹ ወልድያ ሊጫወቱ ነው ተባለ፤ ከሰዓት በኋላ፣ በሜዳ። እኔ ፈሪ እናት ነኝ። ሃና ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ እንኳ እስክትመለስ በር ላይ እቆማለሁ። ብቻቸውን አይሄዱም አልኩና አብሬ ተሳፈርኩ። ሚኒባሱ ሲንገጫገጭ ከሃና እግር ሥር ያለው ቦርሳ ተከፈተ። ቅያሪ ልብስ ነበረበት፤ ሹራብ፣ የጥርስ ብሩሽ። ምንድነው ብላት ቀላች። ልጆቹ ከወልድያ ወደ ደሴ እንደሚሻገሩ ሰምቻለሁ። ተከትለው ሊጠፉ ነው አልኩ። ቶይባ ከመሃል ገብታ ሳቀች።

«እትዬ፣ ካላመኑን በገመድ ይሰሩን።»

ሌላው ተሳፋሪ አብሯት ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሜዳው ላይ በፀሐይ ብዙ ቆየን። ሲጀምሩም ነገሩ እንደተባለው አልሆነም። ዘፋኙ አጭር ነው፤ ጉሮሮው ተዘግቶ ድምፁ በጊታሩ ይዋጣል። መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተር እስኪነሳ ሕዝቡ አጉረመረመ። ሃና ፊቷን አጥቁራ በስልክ ይሻል ነበር አለች። ከኋላችን አንድ ጎረምሳ፣ «ይህንማ የኛም አህያ አትሞክረውም ብላችሁ ነው?» ሲል ቶይባ ዞር አለችለት።

«አንተ ዝም በልና አህያህን እንስማት።»

ለእሷ ሁሉም አምሮላት ነበር። ከስልክ የማይሰማውን እኔም ሰማሁ፤ ድራሙ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ይመታ ነበር። እነሱ ወደ ፊት ተጋፍተው ሄዱ። እኔ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ከተቀመጡ ሴቶች ጋር ቀረሁ።

ያ ዘፈን ሲጀመር ዘፋኙ ማይኩን ይዞ ወረደ። እጅ ሁሉ ወደ እሱ ተዘረጋ። ቶይባ ከወዲያ ማዶ ትዘላለች፤ እሱ አላያትም። በእኛ በኩል ዞረ። ላቡ ይንጠባጠባል። አንገቴን አስግጌ ጆሮው ላይ ሁለት መስመር ተናገርኩ። እኔ በሠርግ እንኳ ተቀባይ እንጂ አውጪ ሆኜ አላውቅም። ልጁ ጎንበስ ብሎ፣ «ለማን ነው፣ እናቴ?» አለኝ። ስሙን ነገርኩት። ምስጢሯ ትውጣ አትውጣ እንኳ አላሰብኩም። ነገርኩት።

«ይህ ግጥም ለቶይባ ነው!»

ጩኸቷን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ለየሁት። እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። እሱም ዘፈነው፦

ከመርሳ መንገድ ዳር ለቅማ ያመጣችሽ፣
እናቴ አትበያት፣ መቼ ወለደችሽ።

ቶይባ ዘፈን ቶሎ ትይዛለች። ሁለተኛውን ዙር ከሕዝቡ ጋር አብራ ዘፈነችው። እጇን እንደዘረጋች፣ እየሳቀች፣ ስሟን በጠራላት ልጅ ፊት፣ በሙሉ ድምፅዋ ዘፈነችው። እኔ አየሁ። ዓይኔን አልመለስኩም። ሦስተኛው ላይ አፏ ተዘጋ። እጇ ግን እንደተሰቀለ ቀረ። ከመርሳ የመጡ ጥቂት ሰዎች ዞረው ያይዋት ጀመር። ሕዝቡ ወዶት ድገመው፣ ድገመው ይላል። እጇን ያወረደችላት ሃና ናት።

ስንመለስ ቶይባ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠች። ሌላ ቦታ ነበር፤ እኔን መረጠች። ሲሪንቃን እንዳለፍን ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች።

«እትዬ፣ አንቱ እናቴን ያውቋታል። እውነት ነው?»

ውሸት ነው ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። የስም መመሳሰል ነው፣ የሰካራም ግጥም ነው ብላት ታምነኝ ነበር፤ ማመን ፈልጋ ነው ትከሻዬ ላይ የወደቀችው። እኔ ምን አልኳት?

«እኔን አትጠይቂኝ። ቤት ስትገቢ እሷን ጠይቂያት።»

ጭንቅላቷን አነሳች። መርሳ እስክንደርስ በመስኮት ታይ ነበር።

ግድግዳችን ስስ ነው። የዘይነብን ልቅሶ ሰማሁ። ቶይባ አላለቀሰችም። ያገኘሽኝ መንገድ ዳር መሆኑ አይደለም የቆጨኝ አለቻት። «አብሬ ዘፈንኩት እኮ፣ እማ። ከሰው ጋር አብሬ ዘፈንኩት።» እማ ስትላት የሰማኋት የመጨረሻ ጊዜ ያ ነው። ማንጎው ወቅቱ ሳያልፍ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ አግኝታ ሄደች።

ሃና በተደጋጋሚ ጠየቀችኝ። እማዬ፣ እንዲህ ያለ ግጥም ማን ይሰጣል? ክፉ ሰው አልኳት። በዚህ አልዋሸሁም።

ዘይነብ ግን ማንንም አልጠየቀችም። ምን ብላ ትጠይቃለች? የነገረችው ለአንድ ሰው ነው። ከቶይባ መሄድ በኋላ የተዋሰችኝን ወንፊት ይዛ በራፌ ላይ ቆመች። ግቢ አልኳት፤ አልገባችም። ወንፊቱን በሁለት እጇ አቀበለችኝ።

«አደራዬን ተወጣሽልኝ፣ እታለም። አላህ ልጅሽን ይጠብቅልሽ።»

ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር። ሰፈሩ ሲጠይቃት፣ ያኔ መንገድ ዳር የነበረ መንገደኛ አይቶኝ ይሆናል ትላለች። እስከ ዛሬ የሚሸፍነኝ እሷ ናት።

እዚህ ድረስ ስታነቡ ለልጇ ፈርታ ነው ብላችሁልኝ ይሆናል። እንድትሉልኝ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ለእናንተም ዋሽቻለሁ። ኋላ ሃና ነገረችኝ፤ ደሴ ልትሄድ ያሰበችው ራሷ ናት፤ ቦርሳውን ያዘጋጀችው ራሷ ናት። ቶይባ «እናትሽ ትሞትብሻለች፣ አንቺን ይዤ ነው የምመለሰው» ብላ ነበር አብራት የሄደችው። ይህን አለማወቄ ያቀለዋል? አያቀለውም። ምክንያቱም ግጥሙ ከቦርሳው በፊት ነበር።

አዎ። ያን ግጥም የሠራሁት ወልድያ አይደለም። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ቶይባ ከማንጎው አጠገብ የልጆቹን ዘፈን ስታንጎራጉር አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ከቧት ይቆም ነበር። የኔ ልጅ ጎኗ ቆማ ታጨበጭባለች። «የማን ልጅ ናት?» ይላሉ። ዘይነብ ከሁሉም በላይ ቀና ብላ «የኔ» ትላለች። የኔ! እኔ እዚያው ማዶ አንሶላ እጨምቃለሁ። አማጥኩ፣ ወልጄ አሳደግኩ፤ ልጄን የማን ናት ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ግጥሙ በዚያ ቀን አንሶላው እጄ ላይ እያለ መጣልኝ። ሙሉውን መጣልኝ። ቃል ቀየርኩለት፣ አቃናሁት፣ ለብቻዬ በዜማው ሞከርኩት። ልብስ ባጠብኩ ቁጥር እደግመው ነበር። የት እንደምሰጠው አውቅ ነበር። ወልድያ አብሬ ልሂድ ያልኩት ልጄን ልጠብቅ ብቻ ነው?

ይህም አላለቀም። ከሕዝቡ አንዱ በስልክ ቀርጾት ነበርና ተሰራጨ። ዘፋኙ ድምፅ የለውም፣ ቀናችን ተቃጠለ ያሉት ሰዎች ራሳቸው፣ ያቺ ግጥም ብቻ ታካክሳለች አሉ። ልጆቹም ወደዷት። በየሄዱበት ዘፈኗት፤ በመጨረሻ ክፍት የነበረው ቦታ ላይ ቀድተው አስገቧት። የቶይባ ስም የለበትም። የሰማት ሁሉ የፍቅር ቁጣ አድርጎ ይወስዳታል። አሁን አውቶቡሱ መርሳ ሲቆም፣ ሹፌሩ ከፍቷት፣ ዘይነብ በመስኮት ማንጎ እያቀበለች ትሰማታለች።

ለራሴም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። ዘፈኑ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማኝ እፍረት አይደለም። መጀመሪያ ደስ ይለኛል። ይሄ የኔ ነው እላለሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ ድገመው ሲል በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ የልጅቷ እጅ እንደተሰቀለ እያየሁ ደስ ብሎኝ ነበር። እፍረቱ የሚመጣው ኋላ ነው።

በቀደም ከዘይነብ ዘንድ ፓፓያ ልገዛ ቆሜ ሳለ ስልኳ ጮኸ። እጇ እርጥብ ስለነበር ድምፁን ከፍታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ቶይባ ናት።

«እንዴት ነዎት፣ እትዬ ዘይነብ?»

አንቱ አለቻት። ያሳደገቻትን፣ አንቺ ስትላት የኖረችውን። ዘይነብ «ደህና ነኝ ልጄ» አለችና የሚቀጥለውን ቃል ጠበቀች። ቶይባ ስለ አየሩ ጠየቀቻት። ግጥሙ እናቴ አትበያት አላት፤ አላለቻትም።

ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅርታ ብጠይቅ ቶይባ የምትሰጠኝ አንድ ነገር ሊኖር ነው፤ የተረፋት ምን አለ? ዘይነብንም አልጠይቃትም፤ ጠይቄያት ይቅር ብትለኝ ደግሞ በሰላም ልተኛ ነው። እግዜር የሚያደርገውን እሱ ያውቃል።

ይህን ስጽፍ አንድ ባጃጅ በራችን ላይ ቆሞ ሰው ይጠብቃል። ዘፈኑን ከፍቶታል። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ እስኪያልቅ ሰማሁት።