በማዳም ዓባያ ውስጥ የተማርኩት ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሐያት ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ ስለ ትምህርቷ ታወራኝ ነበር። አንደኛ ዓመት የገባ ሁሉ የሚወስደው የኮምፒውተር ትምህርት አለ አለችኝ፤ ማብራት፣ መጻፍ፣ ሠንጠረዥ መሥራት፣ የጻፉትን ማስቀመጥ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። «እማ፣ የሕፃን ሥራ እኮ ነው! ይሄን የሚወድቅ ሰው ይኖራል?» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። የማጥፈውን ልብስ ጥዬ በረንዳ ወጣሁ። ኮምቦልቻ ሊዘንብ ሰማዩ ጠቁሯል፣ አየሩ ግን ጥሩ ነበር። «ምን አልኩ?» ትላለች ልጄ ከኋላዬ። ክፉ ነገር አላለችም። እኔ ነኝ እዚያ ያልነበርኩት። ካርቱም ነበርኩ፤ በረዶ ቤት በመሰለ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ የመምህሩ ጣት ስክሪኑ ላይ ቆሞ።

«ያ ሱዓድ» አለኝ ኡስታዙ። ሱዳኖች መምህርን ኡስታዝ ነው የሚሉት። «ፎልደርሽ ባዶ ነው። ከመጀመሪያ ጀምሮ የሠራሽው ሥራ የት ሄደ?»

ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ።

«በይ አትደንግጪ። ማክሰኞ ቢጣቃሽን ይዘሽ ቢሮ ነይ፤ ሁሉንም እዚያው ሠርተሽ ታሳይኛለሽ። ፊትሽን የምታይ ሴት ሠራተኛ አለች፤ ወንድ አያይሽም» አለኝ። በደግነት ነው ያለኝ፣ አልዋሽበትም።

ቢጣቃ መታወቂያ ነው። መታወቂያው ላይ ያለው ፊት የአሠሪዬ የማዳም ሱዓድ ነው። ከለበስኩት የፊት መሸፈኛ፣ ከኒቃቡ ሥር ያለው ፊት የኔ፣ የከድጃ ነው። ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለኝ፣ ካሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ በመጣ ቁጥር የምደበቅ የሰው ቤት ሠራተኛ፣ በሌላ ሰው ስም ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ተያዝኩ ማለት ነው። ልጄ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር፤ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሠፈር ማዳም ቤት ትቻት ነበር የመጣሁት። እኔ ወህኒ ብገባ ማን ያነሳታል? የኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ጠርዝ ይዤ ይሄን ብቻ አስብ ነበር።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ካርቱም የገባሁት ከባሌ ጋር ነው። እሱ ሊቢያ እሄዳለሁ ብሎ በረሃ እንደገባ ድምፁ ጠፋ፤ ሐያት በሆዴ ነበረች። ከነልጅ የሚቀጥር ቤት አይገኝም። ማዳም ሱዓድ ቀጠረችኝ። ለዚህ ውለታዋን ስቆጥር ኖርኩ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ልጅ ያላት ሠራተኛ በቀላሉ ጥላ እንደማትሄድ ታውቃለች። ፓስፖርቴንም «ይቀመጥልሽ» ብላ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት።

ማዳም ቢሮ ትሠራ ነበር። እድገት ለማግኘት ዲግሪ ያስፈልግሻል ስትባል የማታ ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበች። ሌላውን ትምህርት እቤቷ ተጋድማ ታነባለች፤ የኮምፒውተሩ ግን በአካል ካልቀረቡ አይሆንም። እሷ ደግሞ ማታ ማታ ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣ ከርከዴ መጠጣት ነው የምትወደው። አንድ ቀን ኒቃብ ገዝታ መጣች። እሷ ራሷ በሕይወቷ ኒቃብ ለብሳ አታውቅም። አልጋ ላይ ዘርግታ «ይሄ ያንቺ ነው» አለችኝ።

«ምን ላደርገው?»

«ትማሪበታለሽ። ስሜን ሲጠሩ አቤት ማለት፣ መቀመጥ፣ ያሉሽን መንካት፣ አለቀ። ቀዝቃዛ ክፍል ነው፤ እንዲያውም ታርፊያለሽ። ስጨርስ ኢቃማሽን አወጣልሻለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ኢንሻአላህ የሚለውን ቃል እንደዚያ ሲያረክሱት በጣም ያናድደኛል። ኒቃቡም ያናድደኛል። እናቴ ለአላህ ብላ የምትከናነበውን እሷ ለማጭበርበሪያ መጋረጃ አደረገችው፤ ከመጋረጃው ኋላ ያቆመችው ደግሞ እኔን ነው።

ሄድኩ። ምን አማራጭ ነበረኝ? ዓባያዋ ለኔ ሰፊ ነው፣ እሷ ደልደል ያለች ናት፤ እኔ ውስጡ እንደ ቆመ እንጨት ነበርኩ። የግቢውን በር የሚጠብቁት ሽማግሌ ዓም አደም፣ አጎቴ አደም እንደ ማለት ነው፣ ነገሩን ያውቃሉ። በወጣሁ ቁጥር ብድግ ብለው «መንገድ ልቀቁ፣ ዶክቶራ መጣች!» ይሉኛል። ያ ቀልዳቸው ባይኖር እግሬ ከበሩ አያልፍም ነበር።

እውነቱን ከተናገርኩ ትምህርቱን ወደድኩት። አገሬ አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት፤ የዓረብኛውን ፊደል ግን ከልጅነቴ ቁርኣን ቤት ተምሬዋለሁ። የኮምፒውተሩን ፊደሎች አንድ በአንድ እየፈለግሁ ስነካ፣ ሲበራ፣ ሲሰለፍልኝ፣ ልቤ ቀጥ ትል ነበር ከደስታ። ከአጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ወጣት ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ጣዕሚያ በዳቦ ይዛ ትመጣለች። የሽምብራው ጥብስና የሰሊጡ ሽታ ክፍሉን ይሞላዋል። ግማሹን ቆርሳ «ሱዓድ፣ ብዪ እንጂ!» ትለኛለች። ኒቃቡን ገልጬ እንዴት ልብላ? «ጾመኛ ነኝ» እላለሁ። አንድ ቀን «አንቺ ዓመቱን ሙሉ ነው እንዴ የምትጾሚው?» አለችኝ። ርቦኝ፣ ሆዴ እየጮኸ፣ በሌላ ሰው ስም እየተጠራሁ፣ ስትስቅ አብሬ ሳቅኩ።

ታዲያ ፎልደሩ ለምን ባዶ ሆነ? እኛ ቁርኣን ቤት የምንጽፈው ሉሕ ላይ ነው፤ ሉሕ የእንጨት ሰሌዳ ነው። ሸኻችን የጻፉልንን በቃላችን እስክንይዝ እንቀራለን፣ ማለት ደጋግመን እናነባለን፤ ከያዝነው በኋላ ሉሑን በንጹሕ ውሃ አጥበን፣ ውሃውን እግር በማይረግጠው ቦታ ደፍተን፣ ፀሐይ ላይ አድርቀን እንመልሳለን። ያልታጠበ ሉሕ የሰነፍ ልጅ ሉሕ ነው። እኔም ክፍሉ ሲያልቅ የሠራሁትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር አጠፋው ነበር። ወንበሩ ላይ ሌላ ተማሪ ይቀመጣል፤ ቆሻሻዬን ትቼለት እንዴት ልሂድ? ያወቅሁትን አውቄዋለሁ፣ ሰሌዳውን ደግሞ አጥቤ መመለስ አለብኝ። ነጥቡ የሚሰጠው ከተጠራቀመው ሥራ መሆኑን የነገረኝ የለም። ለማዳም ስትመዘገብ ነግረዋታል። ለኔ አልነገረችኝም። ሰው ወደ እሳት ሲልክ መንገዱን እንኳ አይነግርም?

የዚያን ዕለት ቤት ገብቼ ለማዳም የተባልኩትን ሁሉ ነገርኳት። ጥፍሯን ቀለም እየተቀባች ነበር።

«አጠፋሁት ነው የምትይኝ? ለምን?»

«ለሚቀጥለው ሰው ንጹሕ እንዲሆን።»

«አህያ!» አለችኝ። ሐያት ከእግሬ ሥር ቆማ ቀና ብላ አየቻት። «እንግዲያ ማክሰኞ ትሄጃለሽ፤ ቢጣቃዬን እሰጥሻለሁ። ሠራተኛዋ አፍጥጣ አታይም።»

«ማዳም፣ እኔ ቀይ ነኝ፣ አንቺ ጠይም ነሽ። ቢያንስ አሥር ዓመት ትበልጪኛለሽ። እንዴት አታይም? አንቺ ራስሽ ብትሄጂስ?»

«ኮምፒውተር መች ነክቼ አውቃለሁና ነው የምሄደው?»

«ከያዙኝስ?»

ጥፍሯን እፍ አለችው። «ከያዙሽ፣ ሠራተኛዬ ቢጣቃዬን ሰርቃኝ ነው እላለሁ። ማንን የሚያምኑ ይመስልሻል?» ከዚያ ሐያትን ብብቷ ውስጥ አስገብታ ጸጉሯን እየደባበሰች፣ «ልጅቷ እስክትመለሺ እኔ ጋ ትቆያለች። እንዳትጠፊብኝ» አለች።

መጥፎ ቃል ልምድ ነው፤ ስድብ የሰው ቤት የበላ ሁሉ ይለምደዋል። ልጄን እያሻሸች መያዣ ስታደርጋት ግን ደሜ ፈላ። እዚያው ቆሜ «እሺ ማዳም» አልኳት። በልቤ ደግሞ፣ ያለ ልጄ ከዚህ ግቢ አንድ እርምጃ አልወጣም አልኩ።

ማክሰኞ ከሰዓት ሙቀቱ ግድግዳ ያቀልጣል። ማዳም መኝታ ቤቷ ማቀዝቀዣ ሥር ተጋድማ ነበር፤ ሐያት አጠገቧ ተኝታለች። ቢጣቃውን ሰጠችኝ። «ያላ፣ ልበሺና ሂጂ፤ እንዳታረፍጂ።» ኩሽና ገብቼ ዓባያውን ሳነሳ መብራት ድርግም አለ። ካርቱም መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይረግማል፤ እኔ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ማዳም ሙቀት አትችልም። ጥቂት እያጉረመረመች ቆየችና መታጠቢያ ቤት ገባች። የውሃውን ድምፅ ሰማሁ።

ጫማዬን አውልቄ መኝታ ቤት ገባሁ። ሐያትን አነሳኋት፤ እንቅልፏ ከባድ ነው፣ አልነቃችም። ጀርባዬ ላይ አድርጌ በነጠላ አጥብቄ አዘልኳት። ቢጣቃውን ልጄ ከተኛችበት ቦታ፣ ከሞቀው አንሶላ ላይ አስቀመጥኩት። ሰረቀችኝ እንዳትል። ፓስፖርቴ ከተቆለፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁም ሣጥኑን አየት አድርጌ ተውኩት። ኒቃቡን አሰርኩ፣ ዓባያውን ከነልጄ ደረብኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ልክክ አለኝ።

ዓም አደም በሩ ላይ ብድግ አሉ። «ዶክቶራ! ዛሬስ ወፍረሻል።»

«ፈተና ነው፣ ዓም አደም። የተማርኩትን ሁሉ ተሸክሜ ነው የምሄደው።»

ሽማግሌው ጉብታዬን አዩ። ዝቅ ብለው ደግሞ ከዓባያው ጠርዝ ብቅ ያለችውን ትንሽ እግር አዩ። ላቤ በዓይኔ ገባ። ከቤቱ ውስጥ የውሃው ድምፅ ቀጥ አለ።

«ትምህርትሽ እግር አወጣ እንዴ?» አሉኝ በሹክሹክታ። ጎንበስ ብለው ጠርዙን ወደ ታች ሳቡልኝና መዝጊያውን ከፈቱ። «እኔ ያየሁት ወደ ፈተና የምትሄድ ሴት ነው። አላህ ያሳልፍሽ። ሂጂ፣ ቶሎ።»

ሪክሻ የሚሉትን ባጃጅ አስቆምኩ። ሾፌሩ ፊት ለፊቱን እያየ «ወዴት፣ ሐጃ?» አለኝ። ሳጃና ሠፈር አልኩት። ከሪያድ ወጥተን ትልቁ መንገድ ላይ ስንደርስ ፖሊሶች መኪና አስቁመው ሰው ይፈትሻሉ። በኒቃቡ ቀዳዳ አየኋቸው፤ አንዱ ወደኔ ተመለከተና አይኑን ሰበረ። እጁን አወዛውዞ አሳለፈን። እነሱን እንዳለፍን ሐያት ነቅታ በሙሉ ጉሮሮዋ ማልቀስ ጀመረች። ሾፌሩ ዘሎ ሊወድቅ!

«ቢስሚላህ! ምኑ ነው የሚያለቅሰው?»

«ጀርባዬ ነው፤ አንተ ንዳ!» አልኩት። እየደጋገመ ወደ ኋላ እያየ፣ እየነዳ፣ በመጨረሻ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀብኝ።

ሳጃና የአገሬ ሰው እትዬ ዘይነባ ምግብ ቤት ነበራት። ደጇ ላይ ስወርድ ሽሮ ታማስላለች። ቀና ብላ አየችኝ። «ይቺ ደግሞ ማናት? ግመል ልብስ ለብሳ መጣች እንዴ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ከድጃ ነኝ። ከነልጄ ነኝ።»

ማማሰያውን ጥላ እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝ፤ መዝጊያውን ዘጋች፤ ነጠላውን ፈታ ሐያትን አወረደችልኝ። ኒቃቡን ከፊቴ የገፈፈችውም እሷ ናት። «በቃ፣ ደርሰሻል። እዚህ ጓዳ ድረስ የምትገባ ማዳም የለችም» አለችኝ። ሐያት በእጇ ሙሉ እንጀራ ጨብጣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ ከአጠገቧ ተቀመጥኩና ዓባያውን ሳላወልቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ካርቱም ኖርን፤ የሱዳኑ ጦርነት አስወጥቶ ኮምቦልቻ እስኪያስገባን ድረስ። ባለፈው በረንዳው ላይ ይሄን ሁሉ ለሐያት ነገርኳት፤ እስከዚያ ድረስ አላወቀችም ነበር። የዓም አደምን ስትሰማ ስቃ ስቃ እንባዋ ወረደ። ከዚያ «ሴትየዋ አሁን የት ናት?» አለችኝ።

አላውቅም። ሪያድም ባዶ ሆነ ይላሉ፤ ቤቶቹ ተሰብረዋል፣ ሰዎቹ ተበትነዋል። እሷም ዛሬ በሰው አገር፣ ኢቃማ አጥታ፣ በሰው በር ቆማ ይሆናል። ይሄን ሳስብ ንዴቴ ይበርዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልበረደም። በማንም ላይ ጦርነት አልመኝም፤ ግን ጦርነት ስለደረሰባት ልጄን መያዣ ማድረጓ አይሰረዝም። ይቅር በያት የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እነሱ ልጃቸው ተይዛባቸው አያውቅም። የኔ ፍርሃትም ገና አልወጣልኝም፤ ሐያት ስትዘገይ ዛሬም በሩ ላይ እቆማለሁ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባች ትልቅ ሰው መሆኗን እያወቅሁ።

ይሄን ስጽፍ እሷ ከጓዳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስልክ ታወራለች፤ ማንንም አትፈራም። እኛን የሚፈልግ ፖሊስ የለም፤ የሚቆልፍብን ሰው የለም። እኔና ልጄ ቤታችን ነን። ደህና ነን።