በዑራኤል ስልክ የሚጽፈው ሰው

ፌቨን መጀመሪያ ያየችው ስልኩን ነበር። መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በቁራጭ ከመነዳሪ ከብስክሌቱ መሪ ጋር ታስሯል። የዮፍታሄ የራሱ ስልክ ግን ኪሱ ውስጥ ነው።

ዮፍታሄ ጆበርግ ውስጥ፣ ዱርንፎንቴን በሚባል ሰፈር ብስክሌት ይጠግናል። ከጣቶቹ ግሪስ የማይለቅ፣ ከሰው ይልቅ ከሰንሰለት ጋር ማውራት የሚቀለው የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነው። ያን እሁድ ብስክሌተኞቹ በቡድን ከጆበርግ ተነስተው በረጅሙ የብስክሌት መንገድ ቫል ወንዝ ዳር ወዳለችው አሮጌ ከተማ፣ ወደ ፓሪስ፣ ሲወርዱ፣ ጎማው የተነፈሰበት ሁሉ «ጋሽ ዮፍታሄ!» ይላል። ለፌቨን የመጀመሪያዋ ረጅም ጉዞ ነበር።

«ፓሪስ ሲሏት ፈረንሳይ እንዳትመስልሽ» አላት ከኋላዋ እየነዳ። «እዚህ ሽቶ የለም፤ ያለው የኛ ላብ ነው።»

በመንገድ ላይ አሮጌው ስልክ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሦስቴም ከሰልፉ ወጥቶ ቆመ፤ ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ ጻፈ። በተመለሰ ቁጥር ፊቱ ይበልጥ ይገረጣል።

እኩለ ቀን ላይ ደረሱ። ወንዙ በደሴቶች መካከል ተበታትኖ፣ እንደ ተፈታ ሹሩባ ይወርዳል። «እንዴት ያምራል!» ብላ ጮኸች ፌቨን። ዮፍታሄ ጀርባውን ሰጥቶት፣ አሮጌውን ስልክ ከመሪው ፈትቶ ይዞ፣ ውሃ ሊገዛ ስፓዛ ወደሚሏት የሙሰብ ትንሽ የሰፈር ሱቅ ገባ። ተከተለችው።

«ዛሬም ይዘኸው ዞርክ?» አለ ሙሰብ ስልኩን አይቶ።

ያን ሱቅ ሙሰብ የከፈተው ከዑራኤል ጋር ነው። ዑራኤል የዮፍታሄ አብሮ አደግ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ወንዙ ሲሞላ ላየው ብሎ ወርዶ አልተመለሰም። አስከሬኑም አልተገኘም። ስልኩ ግን ባንኮኒው ላይ፣ ቻርጅ ላይ ነበር።

መርዶው መጀመሪያ የዘገየው አገር ቤት ያለችው እህቱ ዲቦራ ፈተናዋን እስክትጨርስ ተብሎ ነው። ቀጥሎ ፋሲካ መጣ፤ በበዓል ማን መርዶ ይነግራል? እናትየው ወይዘሮ የሻሽወርቅ ግን በድምፅ መልእክት «ምነው ጠፋህ ልጄ» ማለት አላቆሙም። ዮፍታሄ በዑራኤል ስልክ «ሥራ በዝቶብኝ ነው እማ» ብሎ ጻፈ፤ ዲቦራም አነበበችላቸው። አንዴ ከጻፈ በኋላ ማቆም አቃተው።

«ዛሬ ምን አሉ?» ሙሰብ ጠየቀ።

«ሐሙስ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሊያደርጓቸው ነው። ‹ድምፅህን ሳልሰማ አልገባም› አሉ።»

«አየህ! ወንዙ አንዴ ወሰደው። አንተ በየቀኑ እያወጣህ ትመልሰዋለህ።»

ፌቨን ነገሩ ገባት። «ጋሼ፣ ደውለህ ብትነግራቸውስ?»

«መርዶ በስልክ አይነገርም እህቴ። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት ነው።»

«እንግዲያው ጎረቤቱን ለሚሰበስበው ደውል» አለ ሙሰብ። «አሁን። እዚሁ።»

 ዮፍታሄ ከኪሱ የራሱን ስልክ አውጥቶ ለእናትየው የነፍስ አባት ደወለ።

«አባ... ዑራኤል የለም። ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ስጽፍ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

 «ነገ ጎህ ሲቀድ እንገባለን» አሉ ቄሱ። «እስከዚያ የሻሽወርቅ እንዳትሰማ። አንተም ምንም እንዳትል።»

ገና ሳይዘጋው አሮጌው ስልክ ጮኸ። በሌላ እጁ ሲነካው ድምፁ ለሁሉም ተለቀቀ፤ የወይዘሮ የሻሽወርቅ ድምፅ ሱቁን ሞላው።

«ዑሬ፣ ምሳ በላህ? ሌሊት ሕልሜ ጥሩ አልነበረም። ብቻ በላሁ በለኝ።»

ሙሰብ አቀረቀረ።  ዮፍታሄ «በላሁ እማ» ብሎ ጻፈ፤ ላከው፤ ስልኩንም ባንኮኒው ላይ አኖረው።

«ጠዋት መርዶውን ስትሰማ ዲቦራ ትደውላለች። አንሳላት» አለው ሙሰብን።

ብስክሌቱን ከግድግዳው አንስቶ ወደ ጆበርግ በሚወስደው መንገድ ወጣ። «ጋሽ ዮፍታሄ!» ብላ ተጣራች ፌቨን። አልዞረም። መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ፊቱ ተዘርግቶ፣ መንዳት እንደ ረሳ ሰው በአሮጌዎቹ የድንጋይ ቤቶች መካከል እየገፋ ሄደ።