ስድስት ውድቅ መልሶች ይዤ ወደ ሳንሱሲ

ከዘነበወርቅ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ሳንሱሲ የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ያልዋሹ ሰዎች አለመዋሸታቸውን ላስመሰክር ነው የሄድኩት። ጉድ እኮ ነው! ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ በታብሌት መጠይቅ ማስሞላት ነው። የዚህኛው ጉዳይ ውሃ ነበር፤ አዲስ መስመር መጀመሪያ የትኛው ሰፈር እንደሚዘረጋ የሚወሰነው በመልሱ ነው ተብለናል። ደብተሬ ላይ አርባ ቤት አለ። ኦንላይን ስገባ ግን ሠላሳ አራቱ «ተጠናቋል»፣ ስድስቱ «ውድቅ» ይላሉ። ስድስቱም ሳንሱሲ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው።

ተቆጣጣሪያችን ሰለሞን ትናንት ደውሎ «ያስመዘገቡት ስልክ አንድ ነው፤ ሲስተሙ አንድ ሰው ደጋግሞ የሞላው ነው ብሎ ጥሎታል። ቤትሽ ተቀምጠሽ ሞልተሽው እንዳይሆን?» አለኝ። ደሜ ፈላ። ያንን ዳገት በእግሬ ስወጣ እሱ የት ነበር? እስከ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ካልተስተካከለ ይዘጋል፤ አንዴ ከተዘጋ አይከፈትም። ያኔ ስድስቱ ቤቶች እንዳልነበሩ ይቆጠራሉ።

ጦር ኃይሎች፣ ሦስት ሰዓት ገደማ

የአስኮ ታክሲ ሰልፍ ተጠማዝዞ ሱቆቹ በር ድረስ ደርሷል። ሁለት ሳምቡሳ በአርባ ብር ገዝቼ ቆሜ በላሁ፤ ምስሩ ደህና ነው፣ ዘይቱ ግን እጅ አያስነካም። ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ብቻዬን ሳጉረመርም ሰምተው ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ከማን ተጣልተሽ ነው?»

«ከኮምፒውተር ጋር፣ አባባ።»

«እሱስ ደህና፤ መልሶ አይሳደብም።»

«ይሄኛው ይሳደባል! ውሸታም ብሎኛል።»

እስከ አስራ ስምንት ማዞሪያ ድረስ ሳቁብኝ። መንገዱ እዚያ ተዘጋግቶ ሩብ ሰዓት ያህል ቆምን።

ሳንሱሲ፣ አራት ሰዓት ተኩል

ከታክሲ ወርጄ ኮብልስቶኑ እስኪያልቅ ተራመድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው። ግቢው በር ላይ ወይዘሮ ፅጌ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ። ያ የፈረደበት ስልክ የእሳቸው ነው። ከእሳቸው ሌላ በግቢው የሚኖሩት ስድስት አሮጊቶች ናቸው፤ አንዳቸውም ስልክ የላቸውም። ዘመድ እንኳ ሲፈልጋቸው የሚደውለው በወይዘሮ ፅጌ ነው። እኔም ያን ጊዜ «ሲደወል የሚነሳ ቁጥር ስጡኝ» ስላልኳቸው ሁሉም የእሳቸውን ሰጡኝ። ታዲያ የማንን ይስጡ?

ሲስተሙ መጀመሪያ የገባውን የወይዘሮ ፅጌን መልስ ተቀብሎ የቀሩትን ነው የጣለው። የሚያንገበግበው ደግሞ ይሄ ነው፦ ከግቢው ሰው የውሃ ታንከር ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ልጃቸው ናት የገዛችላቸው። «ውሃ አይቸግረኝም» ብለው በእውነት መለሱ። ስድስቱ ተጥለው የእሳቸው ብቻ ሲቀር፣ ወረቀቱ ላይ ግቢው በሙሉ ውሃ የጠገበ ነው! ከደጃፉ ግን ባዶ ጄሪካን ተደርድሯል።

ይህን ስነግራቸው ወይዘሮ ፅጌ ቲማቲሙን ትተው ተነሱ። «እንዴ! በኔ ስም ጎረቤቶቼን ውሃ ሊከለክሉ?»

በእሳቸው ስልክ ሰለሞን ጋር ደወልኩና ድምፁን ከፈትኩት።

«ቀላል እኮ ነው» አለ። «የፈለግሽውን ስድስት ቁጥር አስገቢ። የዘመድሽንም ቢሆን። ሲስተሙ የሚያየው መለያየቱን ብቻ ነው።»

ዓይንህን ጨፍን ላሞኝህ! እውነቱን ሲነግሩት ውሸታም ይላል፣ ሲዋሹት እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል። ልጮህበት አፌን ስከፍት ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ብርቄ ክንዴን ያዙኝ።

«ተይ ልጄ። በሰው ቁጥር ከገባሁ እኔ አይደለሁም የገባሁት። ስልክ ነው እንጂ የሌለኝ፣ እኔማ አለሁ።»

ወይዘሮ ፅጌ ስልኩን ነጠቁኝ። «ስማ ወንድሜ፣ ሁሉም እዚህ ናቸው። አንድ በአንድ ጠይቃቸው!»

አሮጊቶቹ ቦኖ ላይ እንደሚሰለፉት ተሰለፉ። እማማ ብርቄ ቀድመው ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ተናገሩ፤ ውሃው በአስራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ እንደሚል፣ ሲመጣም ጄሪካን መሸከም ስለማይችሉ ሰው እንደሚለምኑ ነገሩት። ሦስተኛዋ ሳይጨርሱ ሰለሞን «ይበቃል፣ ይበቃል፣ አምኛለሁ» አለ።

«አይበቃም!» አሉ ወይዘሮ ፅጌ። «ሦስት ይቀራሉ።»

ስድስቱንም ሰማ። በራሱ ፈቃድ እንደሚያስገባቸው ቃል ገባ። ሽንኩርት በነጻ ካልወሰድሽ ተብዬ ተጣልቼ ነው ከግቢው የወጣሁት።

ቤቴ፣ አስራ ሁለት ሰዓት

እንደደረስኩ ታብሌቱን ከፈትኩ። አርባ በአርባ፤ ከደብተሬ ጋር ልክክ ብሏል። ተመስገን ብዬ የእማማ ብርቄን ስነካው ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «በተቆጣጣሪ ፈቃድ የገባ፤ ተአማኒነቱ ዝቅተኛ» ይላል። የቀሩት አምስቱም እንደዚያው ናቸው። የወይዘሮ ፅጌ ግን «ከፍተኛ» ነው። ሰለሞን ጋር ስደውል «ሲስተሙ በራሱ የሚጽፈው ነው፣ አይጠፋም። ዋናው መግባቱ ነው፤ ተይው ባክሽ» አለኝ።

እንዴት ነው የምተወው? እነዚያን ሴቶች በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ሰው መቆጠሩና መታመኑ ለየቅል መሆኑን ለማወቅ ሳንሱሲ ደርሼ መመለስ ነበረብኝ።

ይህን እያሰብኩ ወይዘሮ ፅጌ ደወሉ። «ገቡልሽ?» አሉ።

«ገብተዋል።»

ከኋላቸው የእማማ ብርቄ ድምፅ ተሰማኝ። «አመኑን ወይ በያት!»

«አዎ፣ አምነዋችኋል» አልኩ። ምርቃቱ በስልኩ ወረደልኝ፤ እኔም አሜን፣ አሜን እያልኩ ተቀበልኩ። በዚያ ቀን ከተሰጠው መልስ ሁሉ ውድቅ መሆን የነበረበት ይሄ የኔው ነው።