ፈቃድ ልወጣ ነው

መርካቶ ውስጥ ፈቃድ ማለት ንግድ ፈቃድ ነው። መስታወት ገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ በጣት ይጠቆማል። ሠራተኛ የሚያርፍበት ሌላ ፈቃድ እንዳለ ሕጉ ይናገራል፤ ሰፈሩ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ዱባይ ተራ ጀርባ አንድ የጨርቃ ጨርቅ አስመጪ ዘንድ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ሆኜ ስቀጠር መጀመሪያ የገባኝ ይኸው ነበር።

አሠሪያችንን ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። ሱቃቸው በሳምንት ስድስት ቀን ይከፈታል። መጋዘኑ ግን የሚሠራው ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከንጋት እስከ ምሽት ነው። የክፍለ ሀገር ነጋዴዎች ሐሙስ ጭነው ለቅዳሜ ገበያ መድረስ ስለሚፈልጉ ሐጂ የስድስቱን ቀን ሰዓት በአራት ቀን ጠቀጠቁት። ሙስሊሙ ጁምዓውን፣ ክርስቲያኑ እሑዱን አገኘ፤ ቅዳሜ የጋራ ሆነች። ማንም አላጉረመረመም፣ እኔ ብቻ ነኝ የተቸገርኩት። የዓመት ፈቃድ የሚታሰበው በሥራ ቀን ነዋ። የእነዚህ ሰዎች አንድ ቀን ደግሞ የሌላው አንድ ቀን ተኩል ነው።

መጀመሪያ የጠየቁኝ የመጋዘኑ ኃላፊ ነበሩ። ከወሎ በወጣትነታቸው መጥተው ሐጂ ቤት ያረጁ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። በአገልግሎታቸው ዘመን ሁሉ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቀው አያውቁም። አንድ ሐሙስ ጠዋት በሬ ላይ ቆመው፣

«እናቴ ደክማለች። ድረስ ብለው ደወሉልኝ። ስንት ቀን ይገባኛል ልጄ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሐጂን ያስፈቅዱና ይሂዱ፤ ልኩን ሰኞ ደውዬ አሳውቅዎታለሁ» አልኳቸው። ዓርብ ንጋት ላይ አውቶቡስ ተራ ሊሳፈሩ ነበር።

የእኔም ቢሮ እንደ መጋዘኑ ስለሚዘጋ ዓርብና ቅዳሜ እቤቴ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። እንደ አገልግሎታቸው ሃያ አራት የሥራ ቀን አላቸው። ለሱቅ ሠራተኛ ይህ አራት ሳምንት ነው። ለመጋዘን ሰው ሃያ አራቱን እንዳለ ብሰጥ ስድስት ሳምንት ሊሆን ነው፤ የሱቁ ልጆች በቁሜ ይበሉኛል። ሐጂን ብጠይቅ ደግሞ መልሳቸውን አውቀዋለሁ፦ «ከሳምንቱ ሦስቱን ቀን እየተኙ የምን እረፍት?» መጨረሻ ላይ ቀኑን ትቼ ሳምንቱን ያዝኩ። ሁሉም እኩል አራት ሳምንት ይረፍ፤ ለመጋዘኑ አሥራ ስድስት ረጅም ቀን ማለት ነው። ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ቀድሞውንም የሥራ ቀን ስላልሆኑ አይቆጠሩም። ደስ አለኝ፣ አልደብቅም።

ሰኞ ጠዋት ሒሳቤን ይዤ ሐጂ ጋ ገባሁ። የመጋዘኑ ቁልፍ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጧል።

«የመጋዘኑ ኃላፊ ፈቃድ አራት ሳምንት ሆኗል» አልኩ።

«የምን አራት ሳምንት? ፈቃዱን አወጣ አይደል እንዴ፤ ሱቁን ይክፈት።» ድምፃቸው ሻክሯል። «ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ሰው፣ ሐሙስ ወደ ማታ ደንበኛ ፊት ቆሞ ‹ሐጂ፣ ፈቃድ ላወጣ ነው› አለኝ። አላህ ያግራልህ አልኩት፤ ቁልፉን ተረከብኩት። ሌላ ምን እላለሁ?»

ሰውየው ያሉት «ፈቃድ ልወጣ ነው» ነበር። በዚያ በደንበኛ ጫጫታ መሃል አንዲት ፊደል ተሳስታ ተሰማች። መርካቶ ደግሞ ደንቡ ይታወቃል፦ ሠራተኛ የራሱን ንግድ ፈቃድ ካወጣ ይመረቃል፣ ቁልፍ ያስረክባል፣ ይሸኛል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው እውነት ነው። የሰውየው እናት መታመማቸውን፣ የጠየቁትም እረፍት መሆኑን ስነግራቸው ሐጂ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ወዲያው ተመልሰው ተቀመጡ።

«የት ነው ያለው?» አሉ።

ሰውየው ቤታቸው ነበሩ። ሐጂ ራሳቸው ሄደው ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ ባለችው ቤታቸው አገኟቸው፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ሻንጣው እንደታሰረ በሩ ጥግ ተቀምጧል። ፈቃድ በመጠየቃቸው የተባረሩ መስሏቸው ሦስቱን ቀን እዚያው አሳልፈዋል።

«ሥራ የሌለው ልጅ ሆኜ አልጋዋ አጠገብ ልቀመጥ?» አሉ። «ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ?»

በእነዚያ ሦስት ቀናት መጋዘኑ ዝግ ስለነበር የት ጠፉ ያላቸው የለም። እሳቸው አልደወሉም፣ ሐጂም ከፍቷቸው አልደወሉም። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉትን ነገር ከዚያ ወዲህ አልወደውም።

ሐጂ ቁልፉን በሁለት እጃቸው አቀበሏቸውና፣ «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አሉ። ሰውየው በማግስቱ ንጋት ተሳፈሩ። እናታቸው ያረፉት ግን በዚያው ሰኞ ማታ ነው። ልጅ የደረሰው ከቀብር በኋላ ነበር።

ሲመለሱ ቢሮዬ መጡ። ፊታቸው ከስቷል። ለሐዘን ሕጉ የሚሰጠውን ለብቻው እንደያዝኩላቸው፣ ከዓመት ፈቃዳቸውም የተረፈ እንዳለ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ያቺ ዓርብስ?» አሉ። «ቅዳሜዋና እሑዷስ? ቤቴ የተቀመጥኩባቸው?»

«እነሱ አይቆጠሩም ጋሼ» አልኩ።

ትክክል ነበርኩ፤ ዛሬም ያው ሰው ቢጠይቀኝ የምመልሰው እሱኑ ነው። እሳቸው ግን ከዓይኖቼ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣

«እናቴ ቆጥራቸዋለች» አሉና ቁልፋቸውን ይዘው ወደ መጋዘኑ ወረዱ።