ዝተት የለበሰችው መኪና

ዝናብ የመታውን የሱፍ ካፖርቴን ወንበር ላይ አንጠልጥዬ ንባቤን ልቀጥል ስል ሽታው ከመጽሐፉ ቀና አደረገኝ። እርጥብ ሱፍ በግ በግ ይላል የሚሉ ሰዎች በደንብ አላሸተቱትም። መጀመሪያ የሚመጣው የአቧራ ሽታ ነው፤ ቀጥሎ አንድ የተኛ ቅባት ይነሳል፤ በጉ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በጉ ሲመጣ እኔ ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም። ሱሉልታ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ፣ ጉልበቴ ላይ የተዘረጋ ጥቁር ዝተት እየሰፋሁ ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ወይም አሥራ ስምንት። የተወለድኩበትን ዓመት የጻፈልኝ ሰው ስላልነበረ ከዚህ በላይ ልምልልሽ አልችልም፣ አንባቢዬ።

አባቴ ሹፌር ነበር። ያን ጊዜ የሚነዳት መኪና ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረችም። የፒክአፑ ጀርባ ላይ ከጣውላና ከላሜራ የተሠራ ቤት ተጭኖባታል። መንገድ ላይ ጣሪያው ወርዶ እንደ ሣጥን ይከደናል። ስትቆም አባቴ አንዲት እጀታ ያዞራል፤ ጣሪያው እየተንቋቋ ወደ ላይ ይነሳና በጣሪያውና በሣጥኑ መካከል የሸራ ግድግዳ ይዘረጋል። ውስጧ ጠባብ አልጋዎች፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥንና የላምባ ምድጃ አላት። የሰፈራችን ልጆች "የምትነሳዋ" ይሏት ነበር። ጣሪያው በተነሳ ቁጥር ያጨበጭባሉ።

መኪናዋ የነርሷ ነበረች፤ የነርሷ ማለቴ የቀጠራት ድርጅት። ነርሷ አዲስ አበባ ተምራ የመጣች፣ ነጭ ጫማዋን ጭቃ የማይደፍረው የሚመስል ሴት ናት። ሥራዋ ከጫንጮ በላይ ባለው ደጋ እየዞረች እናቶችንና ሕፃናትን ማየት ነው። ክረምት መንገዱ አያስገባም። የሚያስገባው በጋ ነው፤ በጋ ደግሞ የውርጭ ወቅት ነው። ብርድ አላልኩም፤ ብርድ ጋቢ ሲደርቡለት ይመለሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ በዚያ ሜዳ ላይ የሚወርደው ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሣሩን ነጭ አድርጎ ይጠብቅሻል።

ነርሷ ኦሮምኛ አትችልም። አባቴ ይችላል፤ ግን የማኅፀኗን ነገር ለሹፌር የምትነግር ሴት የታለች? እኔ እችል ነበር። አንድ ቀን አባቴን፣ "ጋሼ፣ ይቺን ልጅ ይስጡኝ" አለችው። "ቀን ታስተረጉምልኛለች፤ ማታ ፊደል አስቆጥራታለሁ። ከዚያ ትምህርት ቤት ማስገባቱ የእኔ ነው።"

 ያን ሰሞን ሽማግሌዎች እኔን ጠይቀው "ለጥምቀት ተመለሱ" ተብለው ሄደዋል። አባቴም፣ "ሥራው ከተገኘ ሽማግሌዎቹን እኔ እመልሳቸዋለሁ፤ ካልተገኘ ግን ቃሌን አላጥፍም" አለ።

ድርጅቱ ደግሞ መኪናዋን ለደጋ አላመናትም። የሠሯት ሰዎች ለሽርሽር ነው የሠሯት፤ ያለፈውን ዓመትም የሠራችው ቆላ ነው። ነርሷ ለምና አንድ ነገር አስፈቀደች፦ በውርጩ ወር ከጫንጮ በላይ አድረው ይሞክሩ፤ ማደር ካልተቻለ መኪናዋ ወደ ቆላ ትመለስ። እሷ ወደ ቆላ፣ እኔ ወደ ባል ቤት። ነገሩ እንደዚህ አጭር ነበር።

የእንጀራ እናቴን ገና አላስተዋወቅኩሽም። ከመንዝ የመጣች፣ ልጅ ያልወለደች፣ ስትቆጣ የምትስቅ ሴት ነበረች። እናቴ ከሞተች በኋላ ወደ ቤታችን ስትገባ ጎረቤት ሁሉ የእንጀራ እናትን ክፋት አስጠንቅቆኝ ነበር፤ እኔም ክፋቷን ስጠብቅ ዓመታት አለፉ። አባቴ መንገድ ሲሰነብት በአንድ አልጋ፣ በአንድ ዝተት ሥር ነበር የምንተኛው። ዝተት ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው፤ ሲለብሱት ሰው የተጫነ ያህል ይከብዳል። ከአገሯ ይዛ የመጣችው ንብረት እሱ ብቻ ነበር። እግሬን በእግሮቿ መካከል ታደርገውና፣ "ይሄ እግር ነው የወንዝ ድንጋይ?" ትለኛለች።

መጀመሪያ የተሳሳትነው በድርቆሽ ነው።

የሱሉልታ ሰው በድርቆሹ ይኮራል። ሜዳው ሁሉ ታጭዶ ይከመርና የአዲስ አበባን ላሞች የሚያኖረው እሱ ነው። አባቴ ሸራውን በጣቱ አንኳኳና፣ "ይሄ ድርቆሽ ባለበት አገር ሰው ይበርደዋል?" አለ። ጆንያ ተሰፋ፣ ድርቆሽ ተጠቀጠቀ። ነርሷም በእጇ ጫን አድርጋ፣ "ፍራሽ ማለት ነው እኮ" ብላ ተደሰተች። ውስጧ ጠባብ ስለሆነ ጆንያዎቹን ከሸራው ውጭ ዙሪያዋን አንጠለጠልናቸው። መኪናዋ እርጉዝ መሰለች። የእንጀራ እናቴ የመጨረሻውን ጆንያ ስትቋጥር፣ "ለላም ያልነውን ለመኪና አበላነው" አለች። ሁላችንም ሳቅን።

ነርሷ፣ አባቴና እኔ ከጫንጮ አልፈን ከአንድ ገበሬ ማሳ ዳር አደርን። ገበሬው "አከም ጅርቱ" ብሎ ተቀብሎን፣ የሚነሳውን ጣሪያ አይቶ፣ አማትቦ ገባ። ምሽቱ ሞቀን። አባቴ ካፖርቱን አውልቆ ተኛ።

ጎህ ሲቀድ የቀሰቀሰኝ የማላመጥ ድምፅ ነው። መኪናዋ ቀስ እያለች ትወዛወዛለች። ከዚያ የውጭው ሳቅ መጣ።

"ኦቦ ሹፌር!" ይላል ገበሬው። "ለበሬዎቼ ቁርስ ጭናችሁ ነው የመጣችሁት? ገለቶማ!" እያለ ያመሰግነናል።

ስንወጣ በሬዎቹ አንዱን ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው ዞረዋል። አንደኛው ጆንያውን በቀንዱ ሰቅሎ ቆሟል። ሸራው ራሱ በምላስ ርሷል። ከውስጥ ደግሞ ሌሊቱን የተነፈስነው ሁሉ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ፣ ግድግዳው በተራቆተበት በኩል በስሱ በረዶ ሆኖ ረግቷል። የነርሷ ጥርስ ይንገጫገጫል። አባቴ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በሬዎቹን ሲያይ ቆየና፣ "የሱሉልታ ድርቆሽ ጥሩ መሆኑን እንኳ አረጋገጥን" አለ። ማንም አልሳቀለትም። ያንኑ ቀን ወደ ቤት ተመለስን።

የእንጀራ እናቴ ታሪኩን ስትሰማ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና አቆመች። ወደ ውስጥ ገባች። ስትወጣ ዝተቱን በትከሻዋ ተሸክማ ነበር። አጥር ላይ ሰቅላ በዱላ አራገፈችው፤ ፀሐዩ ውስጥ ወርቃማ ብናኝ ተነሳ። መሬት ላይ ዘረጋችው። መቀስ አልደፈረውም፤ በቢላ ያዘችው።

"አንቺ ሴት! አበድሽ?" አለ አባቴ።

"ያበደውስ በሬ የሚበላው ቤት የሠራው ነው።"

"ከአገርሽ ያመጣሽው እኮ ነው!"

"ታዲያ ምን ላድርገው? ይዤው ልቀበር?"

ቢላው ሱፉ ውስጥ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ አሁንም ይሰማኛል። ላም ሣር ስትነጭ የምታሰማው ዓይነት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በኋላ ብዙ የተማሩ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲሠሩ አይቻለሁ፤ እንደነዚያ ሦስት ሰዎች ሲስማሙም ሲጨቃጨቁም የሚያምርባቸው አላጋጠሙኝም። ዝተቱ ከውስጥ ሲለብስ ጣሪያው አልወርድ አለ፤ ወፍራም ነዋ። አባቴ እጀታውን ቢያዞር፣ በትከሻው ቢጫን እምቢ አለው። ወጥቶ ሄደ። የተመለሰው እጁ በጥላሸት ጠቁሮ ነው፤ ቀጥቃጩ ዘንድ ተቀምጦ ወናፉ ሲነፋና ሲታጠፍ ሲያይ ነበር የዋለው። ዝተቱን በሰፊ ሰፊው አስተለተለን፤ ቁራጭና ቁራጩ በሚታጠፍበት በኩል የቆዳ ጠፍር አስገባ፤ ጣሪያው ሲወርድ ግድግዳው እንደ ወናፍ ተጣጥፎ ቁጭ አለ። አባቴ ጣሪያውን ያለ ምክንያት ሲያነሳና ሲያወርድ አመሸ።

ነርሷ ደግሞ ከጣሪያው ሥር፣ ነፋስ በማይመታው በኩል፣ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ይተውልኝ አለች። የእንጀራ እናቴ መርፌዋን ይዛ ቀና አለች።

"ሲስተር፣ ይሄን ሁሉ የደከምነው ልንከፍተው ነው?"

"እትዬ፣ ትንፋሻችን መውጫ ካጣ እንደዚያን ቀን ውሃ ሆኖ ይወርድብናል። የላምባውም ጭስ ተኝተን ያስቀረናል።"

 የእንጀራ እናቴ ቀዳዳውን ራሷ ቀደደችው፤ ጠርዙን እንደ ቀሚስ ጥለት አሳምራ ዘመዘመችው፤ ከቁርጥራጩም ትንሽ መጋረጃ ሰፍታ አንጠለጠለችበት። "በይ፣ ለትንፋሽሽ በር ሠራሁለት" አለቻት።

የእኔ ሥራ ክር መፍተልና መስፋት ነበር። የእንጀራ እናቴ እየደጋገመች ታስፈታኛለች። ስፌቴን በጥፍሯ ትከተልና አንድ ቦታ ላይ ትቆማለች።

"ይሄን ፍቺው።"

"አይታይም እኮ፣ እትዬ።"

"ለሰው አይታይም። ነፋስ ግን የሰነፍ ስፌት አይስትም።"

ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሳልወደው ስሰርዘው የምሰማው ድምፅ የመምህሮቼ አይደለም።

ለሁለተኛው ሙከራ ወደዚያው ገበሬ ተመለስን። ጠዋት ስነቃ ድምፅ የለም። መጀመሪያ ያደረግኩት ግድግዳውን መንካት ነበር፤ ደረቅ ነው፤ ለብ ብሏል። ነርሷም እጇን አውጥታ ከጎኔ ነካችው። ውጭ የተውነው የውሃ ባልዲ በላዩ ረግቶ አባቴ በድንጋይ ሲሰብረው ይሰማል፤ ያፏጫል። ገበሬው ከበሬዎቹ ጋር መጣና ዙሪያዋን ዞረ።

"ዛሬስ ምን ይዛችሁላቸው መጣችሁ?"

"ግባና አሽትት፣ ኦቦ" አለው አባቴ።

ገበሬው አንገቱን አስገብቶ አሸተተ። "ይሄማ በግ ነው" አለ ቅር ብሎት። "በሬ በግ አይበላም።"

ነርሷ ፀጉሯን እያበጠረች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "ቤት ስትደርሺ ልብስሽን አዘጋጂ" አለችኝ። በቃ፤ ሥራው ተገኘ። አባቴ ሽማግሌዎቹን በዚያው ሳምንት መለሳቸው።

ለሥራ የተነሳን ዕለት ሜዳው በአመዳይ ነጭቶ ነበር። አባቴ ጣሪያውን አውርዶ ሞተሩን ሲያሞቅ የእንጀራ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ መጣች።

"አንድ ጊዜ አንሳልኝ" አለችው።

"አሁን? ከከደንኩ በኋላ?"

"አንሳልኝ አልኩህ።"

አጉረመረመ፤ እጀታውን ግን አዞረ። ጫማዋን ደጅ አውልቃ ገባች። አድራባት አታውቅም ነበር። በእኔ አልጋ ላይ በጎኗ ተጋደመች፤ ጉልበቷን ሰበሰበች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መዳፏን ዝተቱ ላይ አሳረፈች። ነርሷ የመድኃኒት ሣጥኗን የምታስተካክል መስላ ራቅ አለች። አባቴ ሞተሩን አጠፋ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እግሬን በርዶኝ ነበር፤ ገብቼ ከኋላዋ ልተኛ ፈልጌ ነበር። አልጋው የአንድ ሰው ነው።

ስትነሳ የተኛችበትን በእጇ ደለደለችው።

"ይሞቃል" አለች፤ ለአባቴ ነው የነገረችው። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ የነጠላዬን ጫፍ አንገቴ ላይ ጠመጠመችው። "ስፌቱ ከተፈታ በድርብ ክር መልሺው። በነጠላ እንዳትሰፊው።"

"እሺ፣ እትዬ።"

ጫማዋን አድርጋ ወደ ቤት ሄደች፤ አልዞረችም። አባቴ ጣሪያውን ሲያወርድ፣ ግድግዳው እየተጣጠፈ ሲቀመጥ፣ እኔ የማየው ሜዳውን ነበር። ነጩ ሣር ላይ የእግሯ ዱካ ጥቁር ሆኖ ከመኪናዋ እስከ በራችን ድረስ ተዘርግቷል። አባቴ ጡሩምባውን ነፋ። በሩ ተዘግቷል። ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ዱካው አይጠፋም ብዬ አሰብኩ፤ እኛ ግን ፀሐይ ሳትወጣ ተነሳን።