በሲባጎ የተለካች መኪና

አይናዲስ መኪና ልትገዛ ነው ከተባለ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ምክር የማይሰጣት ሰው ጠፋ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው መናኸሪያ እየቆመች፣ ሚኒባስ ውስጥ እየተጣበቀች፣ ጉልበቷን ከፊቷ ካለው ወንበር ብረት ጋር እያጋጨች ሉማሜ ስትመላለስ «እንዴት ቻልሽው?» ብሎ ያልጠየቃት ሁሉ አሁን የመኪና አዋቂ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ነዳጅ የማትጠጣ ግዢ ይላታል፤ ሌላው መለዋወጫዋ እንደ ልብ የሚገኝ ይላል። በዕድሜው መሪ ጨብጦ የማያውቅ ጎረቤቷ ሳይቀር ነጭ ቀለም ቆሻሻ ያሳያል ብሎ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል።

አይናዲስ አርባ ዓመቷን የተሻገረች፣ ሉማሜ ላይ አንዲት ትንሽ መድኃኒት ቤት ያላት ሴት ናት። የምትኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ባሏ ዓለምነው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያስተምራል። ብዙ አታወራም። ስትናደድ ጥርሷን ነክሳ ዕቃ መደርደር ነው ልማዷ፤ ያን ሰሞን የመድኃኒት ቤቷ መደርደሪያ እንደዚያ አምሮበት አያውቅም።

ለራሷ ቢሆን ኖሮ ሚኒባሱ ይበቃት ነበር። መኪናው ያስፈለገው ለአባቷ ነው።

አባቷ የኔታ አካለ ወልድ ከሉማሜ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ባለው በአባ ሊባኖስ ደብር የቅኔ መምህር ናቸው። አገሩ ሁሉ የኔታ ስለሚላቸው አይናዲስም አባባ ብላቸው አታውቅም። በሁለት ሺህ ሦስት ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ የተማሪ ቅኔ እያረሙ ሳለ፣ በድንገት ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ቀኝ እጅና እግራቸውም ከዳቸው። ተማሪዎቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው፣ በጭቃው እየተንሸራተቱ ሉማሜ አደረሷቸው፤ ከዚያ አምቡላንስ ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዳቸው። ምላሳቸው በሳምንቱ ተፈታ፤ እጃቸውም ተመለሰ። እግራቸው ግን ዘገየ። ሐኪሞቹ ቁርጡን ነገሯት፦ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እግሩ ካልታሸና ካልተፍታታ እንደ ደረቀ ይቀራል።

ዓለምነው ደግ ሰው ነውና ወዲያው ክፍል አስለቀቀ፤ አልጋ አስገባ። የኔታ እዚያ አንድ ሳምንት ተኙ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ተገኙ።

«ወዴት ነው የኔታ?» አለች አይናዲስ።

«ወደ ተማሪዎቼ ነዋ!»

«ሕክምናውስ?»

«ሕክምናው ጥሩ ነው። ግን አንድ ሌሊት ባደርኩ ቁጥር ሁለት ሦስት ተማሪ ይሄድብኛል።»

አይናዲስ አልተከራከረችም፤ ነገሩን ታውቀዋለች። የቅኔ ተማሪ መምህሩ ማታ የነገረውን ይዞ ያድርና ሲነጋ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይቀርባል። መምህሩ ማታም ጠዋትም ከሌለ ተማሪው አኩፋዳውን አንሥቶ ሌላ ጉባኤ ፍለጋ ይሄዳል፤ ከሄደ ደግሞ አይመለስም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የቆመ ጉባኤ በአንድ ወር ሊፈታ ይችላል። ጉባኤው ከተፈታ ደግሞ የኔታ እግራቸው ቢድንም የሚሄዱበት የላቸውም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ የኔታን ከጠዋቱ ጉባኤ በኋላ ወስዶ ከማታው ጉባኤ በፊት የሚመልስ መኪና። ሌላውን ቀን እሷን ሉማሜ ያመላልሳል። ባልና ሚስቱ ለቤት መሥሪያ ያስቀመጡትን ገንዘብ ለዚህ አደረጉት። ዓለምነው ቅር አላለውም፤ ወይም ቅር ቢለውም አላሳየም።

ምክር ከሚሰጧት ሁሉ ሙያ ያለው ታረቀኝ ነበር። ደብረ ማርቆስ መውጫ ላይ ጋራዥ አለው፤ የሚሸጥ መኪናም ያገናኛል። አይናዲስ ሦስት መኪና አሳየኝ ብላ ለመነችው፤ እሱም አሳያት። አንደኛዋ ቪትዝ ነበረች፤ ዓለምነው የወደዳት እሷን ነው፣ ነዳጅ ትቆጥባለች ብሎ። ሁለተኛው ባለ ሁለት በር አሮጌ ላንድክሩዘር ነው፤ ታረቀኝ እሱን ሲያሞግስ አፉ አይደክምም። ሦስተኛዋ ራቭ ፎር ናት፤ ከሁለቱ መሐል ያለች። እሷን ያሞገሰም ያጣጣለም አልነበረም።

«የአባ ሊባኖስን መንገድ አውቀዋለሁ» አለ ታረቀኝ። «ዋልካ ነው። ታች ደግሞ ወንዝ አለ። በቪትዝ እንዳታስቢው፣ ሆዷ መሬት ይልሳል። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ፎር ዊል ያለው መኪና ነው የሚያዋጣሽ። ላንድክሩዘሩን ውሰጂና ሞክሪው፤ አንድ ቀን ነድተሽ ካልወደድሽው ስሜን ቀይሪው።»

አይናዲስ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ቆይታለች፤ ዓለምነው ከባልደረቦቹ መኪና እየተዋሰም አለማምዷታል። በመስከረም መጨረሻ አንድ ማክሰኞ ላንድክሩዘሩን ይዛ ወጣች። ታረቀኝ እውነቱን ነበር። መኪናው ጭቃውን ከምንም አልቆጠረው፤ ወንዙንም ድንጋዩን እየረገጠ ተሻገረ። አይናዲስ አባ ሊባኖስ ስትደርስ በልቧ ገዝታዋለች። ሁለት ተማሪዎች የኔታን አቅፈው አወጧቸውና ከጎኗ አስቀመጧቸው።

ገና አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄዱ፣ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲደርሱ፣ የኔታ «አቁሚ» አሉ።

«አመመዎት?»

«ምን ያመኛል? ልውረድና ልሳለም እንጂ።»

እዚህ ላይ ነው አይናዲስ የተሳሳተችው፤ ስሕተቱም የእሷ ብቻ አልነበረም። በዚያ አገር ሰው በበቅሎ ሲሄድ ቤተ ክርስቲያን ከደረሰ ይወርዳል፤ ተሳልሞ፣ አጥሩን በእግሩ አልፎ መልሶ ይቀመጣል። ቄሱም ገበሬውም ያውቀዋል። መኪና ሲመጣ ሰው ሥርዓቱን አላላውና ተሳፋሪው እዚያው እንደ ተቀመጠ አማትቦ ያልፋል። የኔታ ግን በዚህ መላላት አልተስማሙም፤ ተስማሙ ወይ ብሎ የጠየቃቸውም የለም። ከሆስፒታል በሚኒባስ ሲመለሱ በመንገዱ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ያሉት የሰው መኪና ስለሆነ ነበር። ይሄኛው የልጃቸው ነው። ከአባ ሊባኖስ እስከ ሆስፒታሉ ደግሞ መንገዱን የሚነኩ ስምንት አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ነዳጁን፣ ጎማውን፣ ጭቃውን ያሰበ ሁሉ ስምንት ጊዜ መውረድንና ስምንት ጊዜ መውጣትን አላሰበም።

ማርያም ጋ ሲወርዱ ደካማ እግራቸው መሬት አጥቶ አየር ላይ ተንጠለጠለ። አይናዲስ ሮጣ ዞራ ተቀበለቻቸው። ሁለተኛው ላይ በሩን ይዘው ተንሸራተቱ። ሦስተኛው ላይ አይናዲስ ከኋላ ደግፋ አስወጣቻቸው። አራተኛው ሉማሜ መግቢያ ላይ ያለው ገብርኤል ነበር፤ ወረዱ፣ ተሳለሙ፣ መውጣት ግን አልሆነም። ሞከሩ፤ እንደገና ሞከሩ። ከሻይ ቤት ሁለት ሰዎች መጥተው እንደ ጤፍ ጆንያ አንሥተው ወንበሩ ላይ አኖሯቸው። የኔታ ፊታቸው ጠቆረ።

«መልሽኝ» አሉ።

«የኔታ፣ ሐኪሙ ይጠብቃል!»

«መልሽኝ አልኩሽ። ከእንግዲህም አትምጪ።»

አይናዲስ መኪናውን አዞረች። ቤታቸው ደርሰው መደባቸው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ግን አይናዲስ አልቻለችም፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ ላይ ጮኸች።

«እግዚአብሔር ለበሽተኛ ሰው ይህን ይቆጥራል? እርስዎ ያስተማሩት መጽሐፍ እንዲህ ይላል?»

«አይቆጥርም» አሉ የኔታ። «ያንን ካንቺ ልማር? ልጄ፣ እኔ እግዚአብሔር ይቀየመኛል ብዬ አይደለም። ይኸው ሁለት ወር ከዚህ ቤት በወጣሁ ቁጥር ሰው ያነሣኛል፣ ሰው ያስቀምጠኛል። ተማሪ አቅፎኝ ነው ጉባኤ የምወጣው። በሰው እጅ ወርዶ መሳለም፣ እሱ የእኔ ስግደት ነው? የተሸካሚዎቹ እንጂ።»

አይናዲስ እንደ ልማዷ ዕቃ ለመደርደር ዞር ዞር ብላ አየች፤ በዚያ ቤት የሚደረደር ዕቃ የለም። በዚህ መሐል አንድ ተማሪ ደጁ ላይ ቆሞ እጅ ነሣ። የኔታ ከዘራቸውን ተመረኮዙና ከመደባቸው ተነሡ። ማንም አልደገፋቸውም። ተማሪውን አነጋግረው ተመልሰው ተቀመጡ፤ አሁንም ብቻቸውን።

አይናዲስ መደቡን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የመድኃኒት ካርቶን የምታስርበትን ሲባጎ አወጣችና ተንበርክካ ከወለሉ እስከ መደቡ ጫፍ ለካች። ልኩ ላይ ቋጠረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ የኔታ።

«መኪና እየገዛሁ ነው» አለች። ቁጣው ገና አልወጣላትም ነበር።

በማግሥቱ ታረቀኝ ጋራዥ ሄደች። ሲባጎውን እያንጠለጠለች ከመሬት እስከ ወንበር ስትለካ ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ከበቧት። የቪትዟ ወንበር ከቋጠሮው በአንድ ስንዝር ዝቅ አለ። የላንድክሩዘሩ ከስንዝር ተኩል በላይ ከፍ አለ። የራቭ ፎሯ በሁለት ጣት ብቻ በለጠ።

«መኪና በሲባጎ ሲገዛ ገና ዛሬ አየሁ» አለ ታረቀኝ እየሳቀ። ሳቁ ሲያልፍለት ግን እንደ ባለሙያ መከራት። «ስሚኝ እህቴ፣ ይቺ ለአስፓልቱ ቆንጆ ናት። ለአቧራውም ለትንሽ ጭቃም አታንስም። ግን ሆዷ ከላንድክሩዘሩ ዝቅ ይላል፤ ክረምት ላይ ወንዙ ላይ ትቀሪያለሽ።»

«መንገዱን ማስተካከል ይቻላል» አለች አይናዲስ። «የአባቴን እግር ነው ማስረዘም የማይቻለው።»

ያን ቀን ራቭ ፎሯን ለሙከራ ወሰደች፤ ሐሙስ ዕለት አባ ሊባኖስ ደረሰች። የኔታ አልሄድም ብለው ትንሽ አስቸገሩ፤ ኋላ ግን የልጃቸውን ፊት አይተው ተነሡ። በሩ ሲከፈትላቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡና እግሮቻቸውን አንድ በአንድ አስገቡ። ማርያም ጋ ደረሱ። አይናዲስ አቆመች፤ ልትደግፋቸውም በሯን ከፈተች።

«ተይ» አሏት።

ዞሩ። ግራ እግራቸው መሬት ነካ፤ ቀኙም ተከተለ። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉ። ቀስ እያሉ እስከ አጥሩ ሄዱ፤ ግንባራቸውን አስነክተው ተመለሱ፤ ተቀመጡ። አይናዲስ መሪውን ይዛ እንደ ሕፃን ሳቀች። ስምንቱም ላይ እንዲሁ ሆነ። ሆስፒታል የደረሱት አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይተው ነው፤ ማንም አልተቆጣቸውም።

ራቭ ፎሯ በዚያው ሳምንት ተገዛች። ታረቀኝ እንዳለው ወንዙ ላይ ችግር ነበረ፤ የደብሩ ሰውና ተማሪዎቹ በበጋው ድንጋይ ደለደሉበት። ሐምሌ ላይ ሁለት ጊዜ ጭቃ ይዟት ተማሪዎቹ ገፍተው አወጧት፤ የገፉትም ነጠላቸውን እያጠቡ ሳቁ። ሌላውን ቀን አይናዲስ እንደ ማንም ሠራተኛ ሉማሜ ደርሳ ትመለሳለች፤ ማክሰኞና ሐሙስ መድኃኒት ቤቱን ለሠራተኛዋ ትታ የኔታን ታመላልሳለች። በዓመቱ የእግር ሐኪሙ እግሩ ካሰበው በላይ መጠንከሩን አየና ሕክምናውን አደነቀ። ሲሄዱ ስምንቴ፣ ሲመለሱ ስምንቴ መውረድና መውጣት እንዳለ አይናዲስ አልነገረችውም፤ ይደሰት ብላ ተወችው። ዋናው ግን ጉባኤው አለመፈታቱ ነው። እንዲያውም ሁለት የሄዱ ተማሪዎች ተመልሰው መጡ፤ የማይመስል ነገር ነው።

እውነቱን ለመናገር አይናዲስ መቆሙን አልወደደችውም። የኔታ ሲሳለሙ እሷ ሞተሩን ሳታጠፋ ሰዓቷን ታያለች፤ ስልክ ትደውላለች። ከኋላዋ ያለው አውቶቡስ ጡሩንባውን ሲያንባርቅባት ታፍራለች። ሥርዓቱ የሳቸው ነው፤ መንዳቱ የእሷ። እንዲህ ከአራት ዓመት በላይ አለፈ፤ ሕክምናው በወር አንዴ ቢሆንም መንገዱ ያው ነው።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ ጠዋት ማርያም ጋ አቆመች። የኔታ በሩን ከፈቱ። ግራ እግራቸውን አወጡ። ቀኙን ለማውጣት በእጃቸው ሱሪያቸውን ይዘው ጎተቱ፤ አልመጣም። ግራውን መልሰው አስገቡ።

አይናዲስ ሞተሩን አጠፋች። ዞራ ልትደግፋቸው ስትል እጇን ያዟት።

«ተይው» አሉ። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው። «ይኼ እግር የሚችለውን ያህል ወረደ። ዛሬ አንቺ ውረጂልኝ።»

አይናዲስ ደነገጠች። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ከመኪናው ወርዳ አለመሳለሟ ያን ጊዜ ገና ታወቃት፤ አፈረችም።

«ወርጄ ምን ልበል የኔታ? እርስዎ የሚሉትን አላውቀውም።»

«የእኔን እኔው እዚህ ሆኜ እላለሁ። አንቺ የራስሽን በይ።»

ነጠላዋን ከኋላ ወንበር አንሥታ ወረደች። አጥሩ ጋ ደረሰች። ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እባክህን ትንሽ ጊዜ» አለች በመጨረሻ።

ስትመለስ የኔታ እንባዋን እንዳላዩ ሆኑ። በሩን በእጃቸው ስበው ዘጉና «ንጂ፣ ልጄ» አሏት፤ «ገና ሰባት ይቀሩሻል።»