የእማማ ትርንጎ እግርና የመጋዘኑ ጣሪያ

በሰባ አራት ዓ.ም. የደብረ ታቦር ማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ሳለሁ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ገበያው ዳር ሊሠራ የታሰበው የእህል መጋዘን የቆርቆሮ ጣሪያው የሰው ዓይን ይወጋ እንደሆነ ተጠንቶ በአሥራ አምስት ቀን ይቅረብ ይላል። የሆነ ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ጣሪያ የአውቶቡስ ሾፌር ዓይን አጥበርብሮ መኪናውን ቦይ አስገብቶታል አሉ። ደግ ነው፤ ግን በምን ልለካው? ያለኝ ሜትርና ችካል ነው። ብርሃን በሜትር የሚለካ ካለ ይምጣና ያሳየኝ!

ስነጫነጭ የሰማችኝ ጸሐፊያችን ፈንታነሽ ወደ እማማ ትርንጎ ላከችኝ።

እማማ ትርንጎ ባላቸው የሞቱባቸው ጌሾ ሻጭ ናቸው። በጾም ጊዜ እሳቸው ሰዓት ደረሰ ካላሉ ሰፈሩ እህል አይቀምስም፤ ሬዲዮ ያለው እንኳ ሬዲዮውን አያምንም። ፀሐይ ላይ ቀጥ ብለው ይቆሙና የጥላቸው ጫፍ ያረፈበትን ያያሉ፤ ከዚያ ተረከዝ ከጣት እያገጣጠሙ በእግራቸው ይለኩታል። የየወሩን ልክ ከደብተራው አባታቸው ተምረው በቃላቸው ይዘውታል። ልጃቸው ጫማ ቢገዛላቸው ልኬን ያበላሽብኛል ብለው ለጎረቤት ሰጡት።

ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ስለ ፀሐይ የሚጨነቀው ብለው ሳቁብኝ። ግን መጡ። ስምንት አዲስ ቆርቆሮ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ልክ እንደሚሠራው ጣሪያ አጋድመን ሰቀልን። እሳቸው ነጸብራቁን እየተከተሉ የሰው አጥር ገቡ፣ ግድግዳ ላይ በከሰል ምልክት አደረጉ፣ የጎረቤቷን የሐሊማን ዶሮዎች አስበረገጉ። ጥላቸውን እየለኩ ሰዓቱን ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሦስት ቀን እንዲህ ዋልን። እኔ ባለ ጫማው እግሬ ተላጠ፤ የእሳቸው እግር ምንም አልሆነ።

ነጸብራቁ የሚያስቸግረው አንድ ቤት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከመጋዘኑ ቦታ በላይ ያለውን የሸማኔውን የሰዒድን ቤት። ሰዒድ የሚሠራው በሩ ሥር ተቀምጦ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ብርሃኑ ፊቱ ላይ ይተከላል፤ ነጩን ድር ማየት አይችልም። እሱ እቴ፣ ይሉኝታ ይዞት ምንም አይደል አለ። እማማ ትርንጎ ግን አጠገቡ ቆመው ድሩን አሥራ አንድ ጊዜ ሲበጥስ ቆጠሩ።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጋዘኑ ከዚያ ከተነሣ በካርታው ላይ የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእማማ ትርንጎ የጌሾ ቦታ። መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ክርክር የለውም። እሳቸው ደግሞ የሚኖሩት በዚያ ጌሾ ነው። ካርታውን ሳሳያቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። አንጀቴን በሉት። ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ የሰዒድን ቤት ልዝለለው ወይ አልኳቸው።

በማግስቱ ጌሾው መካከል አገኘኋቸው። ከቆርቆሮዎቼ አንዱን ወስደው፣ እንደ ጣሪያው አጋድመው፣ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ያያሉ። እዚያም ሰው የሚጎዳ ከሆነ ቦታቸው ይተርፍላቸዋላ! ቀኑን ሙሉ ሲወጡ ሲወርዱ ዋሉ። አመሻሹ ላይ ቆርቆሮውን ወረወሩት።

«ድንጋይና ቁልቋል ብቻ» አሉኝ በንዴት። «ምን ነበረበት አንድ ሰው እንኳ ቢገኝ!»

ሪፖርቱ በሚቀርብበት የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ጓድ ደምሴ ውጤቱን ጠየቀ። ደብተሬን ገልጬ ጉሮሮዬን ስጠራርግ እማማ ትርንጎ ቀድመውኝ ተነሡ። የሰዒድን ነገር ሰዓቱን ሳይቀር ተናገሩ። ሊቀመንበሩ ሌላው ቦታ የማን እንደሆነ ሲጠይቅ ሁላችንም አቀረቀርን።

«የኔ ነው» አሉ። «ጌሾዬን እስክለቅም አራት ቀን ስጡኝ።»

እውነቴን ነው፣ ተናደድኩባቸው። ምን አለ ዝም ቢሉ?

ቅዳሜ ላግዛቸው ብሄድ ሰዒድ ቀድሞኛል። ሥራውን ፈትቶ፣ ጠላ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሙስሊም፣ የጠላ ቅጠል በጆንያ ይለቅማል። አላህ ያየኛል እያለ ይስቃል። ሲለቅም ግን አያውቅበትም፤ ከነቅርንጫፉ ይገነጥለዋል። እማማ ትርንጎ ብዙ ታገሡትና በመጨረሻ እጁን ያዙት።

«ቀስ በል እንጂ ልጄ፣ እንዲህ ከሰበርከው እኮ ለከርሞ አያቆጠቁጥም።»

ያሉትን ራሳቸው ሰሙትና እጁን ለቀቁት። ሰዒድ ግን እሺ እማማ ብሎ፣ አንድ ቅርንጫፍ እንዳይሰበር እየተጠነቀቀ፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር።